የዕረፍት ተራ

በቦረና ቆላ ቦና የሚሉት በጋ ሲበረታ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ የዝናቡ ኩሬ ሁሉ ይደርቅና ሰውም ከብትም ፊቱን ወደ ቱላዎቹ ያዞራል። ቱላዎች በዱብሉቅ፣ በዌብ፣ በመልባና እና በሌሎችም ስፍራዎች የሚገኙ የጥንት ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ወጣቶች ከውሃው ጀምሮ እስከ ገንዳው ድረስ አንዱ ከሌላው በላይ በእርከን ቆመው፣ ኦኮሌ የሚሉትን ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ በዜማ ያወጡታል። ድሮ ኦኮሌው ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ብዙው ፕላስቲክ ሆኗል። ዜማው ሥራውን ይመራል፦ ሙሉው ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች በአንድ ምት ካልሄዱ ውሃው ይደፋል፣ ክንድም ያለ ጊዜው ይዝላል።

እንግዳ ሰው ቱላ ደርሶ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ዜማው ነው። ፎቶግራፍ የሚነሡትም ዘፋኞቹ ናቸው። ጉድጓዱን ጉድጓድ ያደረገው ግን ዳር ቆሞ ተራ የሚያስከብረው ሰው ነው፤ አባ ሄሬጋ ይሉታል። ዛሬ የማን ከብት እንደሚጠጣ፣ ከማን ቀጥሎ ማን እንደሚገባ፣ ነገ ማን እንደሚመጣ እርሱ ያውቃል። በበጋ የቦረና ላም በየሦስተኛው ቀን ነው የምትጠጣው። ስለዚህ ዛሬ ሲያወጣ የዋለ ቤተሰብ ነገ ባልዲውን ለሌላ ይለቃል፤ ከብቱን ይዞ ወደ ግጦሽ ይርቃል፤ ቀኑ ሲደርስ ይመለሳል። ከተራው ውጪ የመጣ መንጋ፣ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ይጠብቃል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ስለ ዕረፍት የሚደረግ ንግግር ከጉድጓድ አፍ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማ ስለ ዕረፍት ሲወራ ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይጫናል፦ ቶሎ ተኛ፣ ስልክህን አጥፋ፣ ጊዜህን በዕቅድ ተጠቀም ይባላል። ምክሩ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ነገሌ ቦረና ውስጥ ጠዋት በ12 ሰዓት ሱቋን ከፍታ ማታ በ3 ሰዓት የምትዘጋ ሴት፣ ለአንድ ቀን እንኳ የሚተካት ሰው ከሌላት፣ ይህን ምክር የት ታደርገዋለች? የሚጎድላት ሰው ነው፤ ሰውም የሚገኘው ተራ ሲኖር ነው። ቦረና በጉድጓዱ ዙሪያ ያቆመው ሥርዓት ይህንን ነው የሚያሳየው። አንዱ የሚያርፈው ሌላው ተረኛ ስለሆነ ነው፤ ተራውም የሚጸናው የሚያስከብረው ሰው ስላለ ነው።

በደቡብ ቆላ ከተሞች ያለው ሥራ ብዙ ዓይነት ነው። ነገሌ የከብት ንግድ ከተማ ናት፤ ወደ ፍልቱና ወደ ዶሎ የሚሄደው ሸቀጥም በእርሷ በኩል ያልፋል። ሞያሌ የድንበር ንግድ፣ ሻኪሶና ክብረ መንግሥት ወርቅ፣ ያቤሎ የዞን ጽሕፈት ቤት አላቸው። ከያቤሎ በስተ ደቡብ፣ በእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ በተኛው የኤል ሶድ ሐይቅ፣ ሰዎች ጆሮና አፍንጫቸውን ደፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ጥቁሩ ውሃ እየጠለቁ ጨው ያወጣሉ፤ አህዮች ጭቃማውን ጨው ተሸክመው ገደሉን ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ገደቡን ራሱ ይናገራል። ጨዋማው ውሃ ቆዳ ይበላል፣ ትንፋሽ ያልቃል፣ ጠላቂው ወደ ዳር ይወጣል። የሱቅ ነጋዴ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ ፈጣን ማስጠንቀቂያ አያገኝም። ድካሙ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ እስኪታወቅ ዓመታት ይወስዳል።

ድሮ ለሁሉም የነበረ አንድ ገደብ ነበር፤ ጨለማ። ነገሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 12 ሰዓት አካባቢ ይነጋል፣ 12 ሰዓት አካባቢ ይመሻል፤ ክረምት ከበጋ ይኸው ነው። ከብት በረት ይገባል፣ ገበያ ይበተናል፣ ወሬ ይጀመራል። መብራትና ስልክ ከመጡ በኋላ የሥራው ቀን ከሁለቱም ጫፍ ተለጠጠ። የቴሌብር ክፍያ ሌሊትም ይገባል፤ የከብት ዋጋ ከሞያሌ በማታ ይደወላል፤ አለቃ በቴሌግራም ሪፖርት ይጠይቃል። ሁሉም ጥቅም አለው። ከጨለማው ጋር ግን ተራ የሚያስከብረው ጠፋ፤ በቦታው ማንም አልተተካም።

የነገሌ ስም በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የተጻፈው የሥራና የኑሮ ሁኔታን በሚመለከት ጥያቄ መሆኑ እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በከተማው የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ ለመቅዳት ቢጠይቁ ተከልክለው ነበር፤ ምግባቸውም የሚበላ አልነበረም። መኮንኖቻቸውን ያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው፣ እነርሱ ከሚበሉትና ከሚጠጡት አቀመሷቸው። በቱላ አገር፣ ውሃ በተራ መዳረስ እንዳለበት ሕፃን በሚያውቅበት ምድር፣ አንድ ጉድጓድ ለጥቂቶች ተከለለና ዘውድ የሚያናውጥ ነገር ተጀመረ።

ብዙ ሰው የነገሌን አመፅ በአብዮቱ ጅማሬነት ብቻ ያስታውሰዋል። ተከትለው የመጡት ወራት ግን ከዕረፍት ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። በዚያው ዓመት የካቲት 28 ቀን የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን፣ ያኔ ኢሠአማ ይባል የነበረው፣ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ አድማው ለአራት ቀን ዘለቀ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ከጎናቸው የቆሙ ክርስቲያኖችም ጭምር፣ ትልቅ ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የእስልምና በዓላት በአገር አቀፍ ደረጃ ይከበሩ የሚል ነበር። ከለውጡ በኋላ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በመንግሥት ዝግ ሆኑ። ከዚያ በፊት የአረፋ ቀን በሕግ የሥራ ቀን ነበር። ግማሽ ገበያቸው በበዓሉ ቀን ጭር ለሚል እንደ ነገሌና ሞያሌ ላሉ ከተሞች ይህ ለውጥ ትንሽ ነገር አይደለም። ዕረፍት የሚታወጅ፣ የሚጠየቅ፣ ሰልፍ የሚወጡለት የጋራ ጉዳይ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማምጣት ያስቸግራል።

የዚያ ዘመን ጥያቄ ዛሬ በሕግ ላይ ሰፍሯል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ የመዝናኛ ጊዜና ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ዝርዝሩን ያስቀምጣል፦ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፤ በሳምንት ሳይቆራረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ዕረፍት፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ጭማሪ። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ተገድቧል። የመንግሥት ሠራተኛው በ20 የሥራ ቀን ይጀምርና ዓመት በዓመት እየተጨመረለት እስከ 30 ይደርሳል።

የመንግሥት ሠራተኛው ሳምንት 39 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ለምን 40 እንዳልሆነ የጠየቀ ሰው መልሱን ዓርብ ቀን ያገኘዋል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30፣ በቀን ስምንት ሰዓት ይሠራል። ዓርብ ግን ጠዋት የሚያበቃው 5:30 ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቆይቶ 7:30 ይገባል። ያች አንዲት ሰዓት ለጁምዓ ሶላት ትሆናለች፤ ክርስቲያኑም ምሳውን ሳይጣደፍ ይበላባታል። ሁሉንም የሚያሳርፍ ሰዓት እንዲህ በጠረጴዛ ዙሪያ፣ በቁጥር፣ ሊሠራ ይችላል።

በሞቃቱ የአገራችን ክፍል፣ በድሬዳዋ፣ በአፋር፣ በሶማሌ ክልል ቆላ ከተሞች፣ ጠዋት ቀደም ብሎ መጀመርና ቀትሩን ረዘም አድርጎ ማረፍ የቆየ ልማድ ነው። ከነገሌ ወደ ዶሎ የወረደ ሰው ይህን ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም፤ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ፍየሉም ከግራሩ ሥር ይተኛል። ከደጋ የመጣ አንዳንድ ኃላፊ ይህን ስንፍና ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። በዚያ ሙቀት የሚሠራ ሥራ ተደግሞ የሚሠራ ሥራ ነው።

ረጅም ሰዓት መሥራት ብዙ ማምረት ነው የሚለው እምነት ከመቶ ዓመት በፊት በሰፊው ተፈትኗል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት ጥይት የሚያመርቱ ሠራተኞችን ጤና የሚከታተል ኮሚቴ በእ.ኤ.አ. 1915 አቋቋመ። ብዙዎቹ ሠራተኞች ሴቶች ነበሩ። አገር በጦርነት ላይ ስለነበረች እሁድም ሳይቀር ያሠሩ ነበር። ኮሚቴው የሰበሰበውን መዝገብ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆን ፔንካቬል በእ.ኤ.አ. 2014 እንደገና መረመረው። በሳምንት 70 ሰዓት የሠሩት ያመረቱት 56 ሰዓት ከሠሩት እምብዛም የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። ምርቱ ከሰዓቱ ጋር እኩል የሚያድገው እስከ 49 ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሰዓት እያደር ፍሬው ይቀንሳል። ያለ ዕረፍት ቀን የሠሩት ሳምንትም ምርቱ ተጎድቶ ታይቷል። የእኛ አዋጅ 48 ሰዓት ላይ መቆሙን ልብ ይሏል።

በጤና በኩል ያለው ማስረጃ የከበደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2021 አብረው ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በጭንቅላት የደም ሥር አደጋ የመያዝን ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን ዕድል በ17 በመቶ ከፍ ያደርጋል። በእ.ኤ.አ. 2016 ብቻ በዚህ ምክንያት 745,000 ሰው እንደሞተ ገምተዋል። በ12 ሰዓት ከፍቶ በ3 ሰዓት የሚዘጋ ባለሱቅ በቀን 15 ሰዓት ነው የሚቆመው፤ ስድስት ቀን ብቻ ቢሠራ እንኳ 90 ይሆናል። በእርግጥ ባለሱቅ ሁሉንም ሰዓት አይደክምም፤ ደንበኛ ሲጠፋ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል። ግን መቀመጡ ሌላ ነው፣ መልቀቁ ሌላ። ዓይኑ ከመደርደሪያው፣ ጆሮው ከበሩ አይነሣም።

ዕረፍት ማጣት መንገድ ላይ ሲሆን ሕይወት ይበላል። ከአዲስ አበባ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው የአስፋልት መንገድ ቀን ከሌሊት የጭነት መኪና አይለየውም፤ ሞያሌ ላይ የኢትዮጵያና የኬንያ የጋራ የድንበር መተላለፊያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በመስመሩ ከዚያም የበለጠ መኪና ይጠበቃል። ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በእ.ኤ.አ. 1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይተካከላል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። አንድ ሹፌር ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥቶ ማታ በ3 ሰዓት ገና መሪ ይዞ ከሆነ 17 ሰዓቱን ጨርሷል። ጠጥቶ የሚነዳውን ሁሉም ያወግዛል። ሳይተኛ የሚነዳው ግን ጎበዝ ይባላል፤ ባለ መኪናውም ዕቃው በሰዓቱ ስለደረሰ ያመሰግነዋል።

ከዚህ ጋር ጫት ይመጣል። በሹፌሩም በነጋዴውም ዘንድ ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ዘርግቶ መቃም ዕረፍት ተደርጎ ይታያል። ወዳጅነቱ፣ ጨዋታው፣ ምክክሩ እውነተኛ ነው፤ ብዙ ጠብ በዚያ ምንጣፍ ላይ ታርቋል። ሰውነቱን በሚመለከት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አነቃቂ ነው፤ ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም፣ እንቅልፍንም ያርቃል። ማታ መተኛት ያቃተው ሰው በማግስቱ ሳይነቃ ይውልና ከሰዓት ላይ እንደገና ይቅማል። የሁለት ሰዓት መቀመጥ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ከወሰደ፣ ሒሳቡ ትርፍ የለውም።

ሥራ መፍታትም ዕረፍት አለመሆኑን ቦረና በቅርቡ በመራራ መንገድ አይቶታል። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። ጋናና ሃገያ የሚባሉት ሁለቱም ዝናቦች ቀሩ። መንጋው አለቀ፤ ብዙ ቤተሰብ በዱብሉቅና በሌሎች ቦታዎች በተሠሩ መጠለያዎች እህል ጠባቂ ሆኖ ተቀመጠ። ሙሉ ዕድሜውን በማለዳ ተነሥቶ ከብት ሲያሰማራ የኖረ ሰው የሚያሰማራው አጣ። ቀኑን ሙሉ ከድንኳን ጥላ ሥር መቀመጥ ነበር ሥራው። ያንን ዕረፍት ብሎ የሚጠራ የለም፤ እንዲያውም ያንን መቀመጥ የሚያህል አድካሚ ነገር እንደሌለ ያየው ሁሉ ይናገራል። ሰው የሚያርፈው የሚመለስበት ሥራ ሲኖረው፣ ለተራው የሚጠራው ሰው ሲኖር ነው።

መሬቱም በቱላው ሥርዓት ውስጥ ተራ አለው። ዝናብ ሲጥል ቦረና ቱላዎቹን ትቶ ወደ ኩሬው ይወጣል፤ ጉድጓዶቹ ይዘጋሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ሣር ለበጋ ይቆያል። የሚታለቡ ላሞች ከቤት ቅርብ በሚሰማራው ወራ ውስጥ ሲቀሩ፣ ደረቁ መንጋ ፎራ ተብሎ ከወጣቶች ጋር ይርቃል። ኦላ በሚባለው በአንድ መንደር የሚኖሩ ጎረቤቶች ከብታቸውን ቀላቅለው በየተራ ያሰማራሉ። አንድ ሰው ለዘላለም እረኛ አይሆንም።

ሥልጣን እንኳ በዚህ ሕግ ነው የሚኖረው። ዩኔስኮ በእ.ኤ.አ. 2016 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት መሪውን በየስምንት ዓመቱ ይለውጣል፤ ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። እምብዛም የማይወራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አስመሮም ለገሰ በእ.ኤ.አ. 1973 ባሳተመው ገዳ በተሰኘው መጽሐፉ እንደገለጸው፣ ሥልጣኑን ያስረከበው ትውልድ ዩባ ወደተባለው ከፊል ጡረታ ይገባል፤ 27 ዓመት በአማካሪነት ይቆያል። በመጨረሻ ገዳሞጂ ይሆናል፤ የተቀደሰ፣ ከጠብና ከግድያ የራቀ፣ የሚከበር ሽማግሌ። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው መቼ እንደሚያርፍ ገና ሳይጀምር ያውቃል። የኢትዮጵያ ጡረታ 60 ዓመት ላይ ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛው ወደ ጡረታ ሥርዓቱ የገባው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ነው። ሱቅ የያዘ፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ ከብት የሚደልል ሰው ግን እስካሁን የጡረታ ቀን የሚቆርጥለት የለም፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ነው የሚያቆመው።

በዚህ ሁሉ ተራ መካከል ተራ የሌላት ሴት ናት። በቦረና ቤት የምትሠራው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ላም የምታልበው፣ ውሃ የምትሸከመው እርሷ ናት። በከተማም መሥሪያ ቤት ውላ የገባችው ሴት ምድጃው ይጠብቃታል። ወንዱ ከሥራ ሲመለስ ቀኑ ያበቃል፤ እርሷ ስትመለስ ሁለተኛው ቀን ይጀምራል። ቡናው ሳይቀር፣ ለቤቱ ሁሉ ዕረፍት የሆነው አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ለምታፈላው ሥራ ነው፤ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ ሲኒ የምታጥበው እርሷ ናትና። ቦረናም ቡና ቀላ አለው፤ ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ፣ ምርቃት ተመርቆበት ይቀርባል። እዚያም እሳቱ ዘንድ የምትቀመጠው ሴት ናት።

አንድ ጊዜ ብቻ ባህሉ በሙሉ ኃይሉ ይቆምላታል፤ ስትወልድ። በቦረና ኡልማ፣ በአማራው አራስነት የሚባለው ጊዜ ሲደርስ ከቤት አትወጣም፣ ከባድ ሥራ አትነካም፤ ጎረቤት ገንፎ ያመጣል፣ ውሃ ይቀዳል። ይህ የሚሆነው ተራ ስላለ ነው፤ ዛሬ የምትጠይቀው ነገ ትጠየቃለች። የ2011ዱ አዋጅ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል፤ አባትየውም ሦስት ቀን አለው። ሦስት ቀን ጥቂት ነው፤ ግን ቤት ውስጥ መገኘት የእርሱም ተራ መሆኑን ሕግ ጽፎታል፤ ይህን ማክበር የአሠሪ ብቻ ሳይሆን የአባትየውም ድርሻ ነው።

አዋጁ የማይደርስባቸው እጅግ ብዙ ናቸው። ለራሱ የሚሠራ ሰው አሠሪ የለውም፤ አሠሪ ከሌለ የሚከሰስ የለም። የነገሌ ገበያ ትልቁ ክፍል እንዲህ ነው። ለእነርሱ ዕረፍት ሊመጣ የሚችለው እርስ በርስ ከተስማሙ ነው፤ ለዚህም የሚሆን ልማድ ከተሞቹ ውስጥ አለ። በባጃጅ መቆሚያ ተራ አስከባሪ አለ፤ ማን እንደሚጭን ያውቃል፣ ሹፌሩም ይታዘዘዋል። ይኸው ሰው ማን በየትኛው ቀን እንደሚያርፍ ቢመዘግብ ሹፌሮቹ ሥራ ሳያጡ ሳምንታዊ ዕረፍት ያገኛሉ፤ የቀረው ባጃጅ ብዙ ይጭናልና። ተረኛ መድኃኒት ቤት አዲስ አበባም በክልል ከተሞችም የታወቀ ነው፤ አንዱ ሌሊቱን ሲያድር ሌሎቹ ይዘጋሉ፣ በሽተኛውም የት እንደሚሄድ ያውቃል። በአንድ መደዳ ያሉ አምስት ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቆች ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ አንዱ ብቻ ተረኛ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ነጋዴ ከአምስት ማታ አራቱን ከልጆቹ ጋር ይበላል። ሽያጩ አይጠፋም፤ ስኳር የሚገዛው ሰው ያው ነው። ዕቁብ መጣል የሚችል ሰፈር፣ ዕድር ያቆመ ሰፈር፣ ይህን ማድረግ አያቅተውም።

በመሥሪያ ቤት ያለው ችግር ሌላ ነው። ፈቃዱ አለ፣ አይወሰድም። ሠራተኛው ያጠራቅመዋል፤ አለቃው ሥራ በዛ ይላል፤ አንዳንዱ በገንዘብ ይለወጥልኝ ብሎ ይጠይቃል። አዋጁ ይህን ቀድሞ አይቶታል። የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ካልሆነ በቀር ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ የተከለከለ ነው፤ ፈቃዴን ትቻለሁ ብሎ መፈረምም ዋጋ የለውም፤ ማስተላለፍም ከሁለት ዓመት ማለፍ የለበትም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር፣ ዕቅዱ ሲጸድቅ፣ የፈቃዱ ተራም አብሮ በአንድ ወረቀት ላይ ቢወጣና ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ማን በመስከረም ማን በጥር እንደሚያርፍ ሁሉም ያውቃል፤ ሥራውን የሚሸፍነውም ሰው ከወዲሁ ይዘጋጃል። ሆስፒታል አዳር በፈረቃ ይመድባል፤ አዳሪዋን ነርስ ግን በማግስቱ ጠዋት ለስብሰባ የሚጠራ ኃላፊ አለ። እርሱ ያፈረሰው ተራዋን ነው።

የቤት ሠራተኛዋም ከአዋጁ ውጪ ናት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ስለ ሥራዋና ስለ ዕረፍቷ ሰዓት ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል፤ ቀኑን ግን አይቆጥርላትም። ሰዓቷን የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ ከሁሉም ቀድመው ይነሣሉ፣ ከሁሉም በኋላ ይተኛሉ፣ እሁድን እንግዳ ስለሚበዛ ከሌላው ቀን ይበልጥ ይሠራሉ። ሁለት ጎረቤት ቤቶች ተነጋግረው የአንዷን ሠራተኛ ቅዳሜ፣ የሌላዋን እሁድ፣ ሙስሊም ከሆነች ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ እንድትወጣ ቢያደርጉ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። ያን ቀን ቡናውን የቤቱ ልጆች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ በየተራ ያፈላሉ። እርሷ ወደ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች፣ ወይም ትተኛለች፣ ወይም የማታ ትምህርቷን ታጠናለች፤ ያንን የምትወስነው ራሷ ናት።